ዴሊቨሪ ማሪዋና፣ ታክሲና ግሪን ካርድ፦ ስቴቱ የፈቀደውን ኢሚግሬሽን ለምን ይቆጥርብናል?

በዚህ እትም የምንማማርበት ጉዳይ ብዙዎቻችን በሹክሹክታ ካልሆነ በቀር የማናነሣው ነው። ከዌስት አዳምስ እስከ ፌርፋክስ፣ በሱቅ ባለቤቶችም በታክሲ ነጂዎችም ዘንድ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ማሪዋና በካሊፎርኒያ ሕጋዊ ከሆነ፣ በስልክ አዝዤ ቤቴ ድረስ ቢመጣልኝ፣ ወይም በመኪናዬ ባደርስላቸው፣ ምን ችግር አለው?» አጭሩ መልስ፣ የአሜሪካ ዜግነት ላላገኘ ሰው ችግሩ ብዙ ነው የሚል ነው። ዝርዝሩን እነሆ።

የስቴቱ ሕግ ምን ይፈቅዳል?

የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1996 ማሪዋና ለሕክምና እንዲውል በድምፁ ፈቀደ። በኖቬምበር 2016 ደግሞ ፕሮፖዚሽን 64 በተባለው ውሳኔ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ሰው እስከ 28.5 ግራም እንዲይዝ ተፈቀደለት። ላይሰንስ ያላቸው ሱቆች ለአዋቂ ሁሉ መሸጥ የጀመሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ወዲህ ነው።

ቤት ለቤት ማድረስም ቢሆን ሥርዓት አለው። ማድረስ የሚችለው የስቴቱ ላይሰንስ ያለው ቸርቻሪ ብቻ ሲሆን፣ የሚያደርሰውም 21 ዓመት የሞላው የራሱ ተቀጣሪ ነው። መኪናው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ጂፒኤስ ሊኖረው ይገባል፤ በውጭ በኩል የጫነውን የሚናገር ምልክት አይለጠፍበትም፤ ከድርጅቱ ሠራተኞች በቀር ሌላ ሰው አይሳፈርበትም። ሥራው የሚፈቀደው በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ተቀባዩም መታወቂያ ያሳያል።

ታክሲ ነጂ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከዚህ አንድ ነገር ያስተውሉ። ሰው የሚጭን ታክሲ የማሪዋና ማመላለሻ ሊሆን አይችልም። «ይህቺን ከረጢት ሆሊውድ አድርስልኝ፣ 40 ዶላር እከፍልሃለሁ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ ሥራው በፌዴራሉ ብቻ ሳይሆን በካሊፎርኒያ ሕግም የተከለከለ ነው። ያለ ላይሰንስ ለሽያጭ ማጓጓዝ በስቴቱ ሕግ እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል።

የፌዴራሉ ሕግስ?

ኢሚግሬሽን የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው። ግሪን ካርድና ዜግነት የሚሰጠው ሳክራሜንቶ ወይም የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1970 ባወጣው ሕግ ማሪዋናን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች መካከል መድቦታል።

ይህን ለመረዳት ከጫት የተሻለ ምሳሌ የለንም። ጫት በአገራችን በአደባባይ ይሸጣል፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ወደ ውጭም ይላካል። እዚህ አሜሪካ ግን በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ከ1993 ጀምሮ በከባዱ የዕፅ ደረጃ ውስጥ ስለተመዘገበ፣ ጫት ይዞ በኤርፖርት የሚገባ ሰው «አገሬ ሕጋዊ ነው» ቢል አይሰማም። ማሪዋናም እንዲሁ ነው። በአንዱ ሕግ አስከባሪ ፊት የተፈቀደው በሌላው ፊት ወንጀል ይሆናል።

«ደረጃውን ሊያወርዱት ነው ሲባል ሰምቻለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በሜይ 2024 ማሪዋና ወደ ሦስተኛው ደረጃ እንዲወርድ ሐሳብ አቅርቧል። ይሁን እንጂ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚናገረው ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው ዕፆች ሁሉ ነው። ሦስተኛ ደረጃም ቢሆን ከቁጥጥር ውጭ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ወሬ ተማምኖ መዝናናት አይገባም።

ለአዛዡ

በቤቱ አዝዞ የተጠቀመ ሰው ባይታሰርም፣ ባይከሰስም፣ አደጋው ከገዛ አንደበቱ ሊመጣ ይችላል። ሕጉ የዕፅ ወንጀል የፈጸመ መሆኑን በአግባቡ ያመነ የውጭ ዜጋ፣ ፍርድ ቤት ባይፈርድበትም እንኳ፣ ወደ አገሪቱ እንዳይገባ ወይም ግሪን ካርድ እንዳያገኝ ሊከለክለው ይችላል። አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቆ የሚመለስ ባለ ግሪን ካርድም በኤርፖርት ስለዚሁ ቢጠየቅና ቢያምን ችግር ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ዜግነት ለሚጠይቁም ተመሳሳይ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በማሪዋና መጠቀምም ሆነ በማሪዋና ሥራ መሰማራት በስቴቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ የአመልካቹን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣው እንደሚችል ገልጿል። በዋናነት የሚመረመረው ከማመልከቻው በፊት ያለው 5 ዓመት ነው፤ በአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛ በኩል ለሚያመለክቱ 3 ዓመት ነው። ከሐኪም የተሰጠ የማሪዋና ካርድም ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም በቦርሳ ሲገኝ ራሱ ጥያቄ ይጋብዛል። በስልክ ውስጥ ያለ የትዕዛዝ መልእክትና ፎቶግራፍም እንዲሁ።

ለሹፌሩና ለባለ ሱቁ

ማድረስ ከመጠቀም ይከብዳል። የኢሚግሬሽን ሹም አንድ ሰው በዕፅ ንግድ ተካፍሏል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካገኘ፣ ያለ ምንም የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊከለክለው ይችላል። ላይሰንስ ባለው ድርጅት ተቀጥሮ፣ ታክስ ከፍሎ፣ የደመወዝ ወረቀት ይዞ የሠራ ሹፌር ያ ወረቀት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። በስቴቱ ዘንድ የሐቀኛነት ምስክር የነበረው በፌዴራሉ ዘንድ የጥፋት ምስክር ይሆናል።

ባለ ሱቆችም ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ የሱቃችሁን ጓዳ ወይም ምድር ቤት ለዚህ ሥራ እያወቁ ማከራየት በፌዴራል ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ በሽርክና ገንዘብ ማስገባት በንግዱ መካፈል ነው። ሦስተኛ፣ ለጎረቤት ወይም ለደንበኛ «ዕቃ ተቀበልልኝ» ሲባል የማያውቁትን ጥቅል መቀበል አይገባም።

አንድ ሹፌር የደረሰበት

ሆሴ ፓዲያ ትውልዱ ሆንዱራስ ሲሆን፣ በአሜሪካ በግሪን ካርድ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል፤ በቬትናም ጦርነትም ለአሜሪካ ዘምቷል። ሥራው የጭነት መኪና መንዳት ነበር። በኬንታኪ ስቴት ብዙ ማሪዋና በመኪናው ተገኝቶ ተያዘ። ጠበቃው «ብዙ ዘመን ስለኖርክ ኢሚግሬሽን አያሳስብህም» ስላለው ጥፋቱን አመነ፤ ነገር ግን ያ ማመኑ ለመባረር ዳረገው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2010 ጠበቃ የውጭ ዜጋ ለሆነ ደንበኛው የመባረርን አደጋ መንገር ግዴታው እንደሆነ ተወሰነ። ከዚህ የምንማረው የዘመን ብዛትም ሆነ የአገልግሎት ክብር ከዚህ ሕግ እንደማያስጥል ነው። እርግጥ 30 ግራምና ከዚያ በታች ለራሱ ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈረደበትን ባለ ግሪን ካርድ ሕጉ ከመባረር ያተርፈዋል፤ ለሽያጭ ያጓጓዘ ግን ይህ ምሕረት አያገኘውም።

ምን እናድርግ?

1. ዜግነት እስክታገኙ ድረስ አትጠቀሙ፣ አታድርሱ፣ አታከራዩ፣ አትሸርኩ።
2. ከዚህ ቀደም ያደረጋችሁት ካለ፣ ማንኛውንም የኢሚግሬሽን ፎርም ከመሙላታችሁና ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።
3. በፎርም ላይም ሆነ በሹም ፊት አትዋሹ። ውሸቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ያለ ጠበቃ መልስ አለመስጠትና መዋሸት ግን የተለያዩ ናቸው።
4. ፎርም የሚሞላ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። የሰውዬውን ስም በካሊፎርኒያ የጠበቆች ማኅበር መዝገብ ላይ አረጋግጡ።
5. ብትያዙ፣ «ትንሽ ቅጣት ነው፣ አምነህ ውጣ» የሚል ምክር ሳትቀበሉ ውጤቱን በኢሚግሬሽን በኩል አስመርምሩ። የስቴቱ ፍርድ ቤት መዝገቡን በኋላ ቢዘጋውም፣ ኢሚግሬሽን እንደተፈረደባችሁ ሊቆጥረው ይችላል።

ለአንድ ጉዞ የሚከፈል 40 ዶላር የስንት ዓመት ልፋት፣ የታክሲና የሱቅ ዕዳ፣ ከዚያም በላይ አባታቸውን ወይም እናታቸውን ማታ በር ላይ የሚጠብቁ ልጆች ዋጋ ሊሆን አይችልም። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ምክር ስለማይጠቅም ነው። እኛም ጅቡ ሳይመጣ እንጩህ ብለን ይህን ጽፈናል። ለጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ በተለይ ገና ለመጣው ወጣት ንገሩት።