የተክል ቫይረስ ምርመራ ውጤት ምን ያህል ያስተማምናል?

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በወረታ ዙሪያና በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከታጨደ በኋላ በርብና በጉማራ ወንዞች ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል፡፡ የቲማቲም ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ ሲጠቀለልና ተክሉ ሲቀጭጭ፣ በነጭ ዝንብ የሚተላለፍ ቫይረስ ይጠረጠራል፡፡ ይሁን እንጂ በዋልካ አፈር ላይ ውኃ ሲተኛ ወይም ናይትሮጂን ሲያንስም ቅጠል ቢጫ ይሆናል፡፡ ለመለየት ናሙና በፒ.ሲ.አር. ይመረመራል፡፡ ውጤቱ ከተሳሳተ ገበሬው ጤነኛ ተክል ይነቅላል፤ ወይም በሽታው በችግኝ ወደ ሌላ ማሳ ይዛመታል፡፡

የምርመራው አሠራር

ፒ.ሲ.አር. እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው፡፡ የሚፈለገውን ቫይረስ የዘር ቅንጣት በየዙሩ እጥፍ ያደርጋል፡፡ አንዷ ቅንጣት በ30 ዙር ከ1 ቢሊዮን በላይ ትሆናለች፡፡ ስለዚህ እጅግ ጥቂት ቫይረስ እንኳ ይገኛል፤ በምላጭ ከሌላ ተክል የተላለፈ ጥቂት ጭማቂም እንዲሁ ይገኛል፡፡

እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ የፓፓያና የፍየል ናሙና ኮሮና አለበት መባሉን ጠቅሰው ምርመራውን ነቀፉ፡፡ የአፍሪካ የበሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ግን ነቀፌታውን አልተቀበለም፡፡ ያልተጠበቀ ውጤት ሲመጣ ዘዴውን በሙሉ ከመጣል ይልቅ፣ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደና ቫይረስ የሌለበት ማነጻጸሪያ አብሮ መመርመሩን መጠየቅ ይገባል፡፡

የስሕተት ምንጮች

ሀ/ ቫይረስ ሳይኖር «አለ» የሚል ውጤት በአብዛኛው ከናሙናዎች መነካካት ይመጣል፡፡
ለ/ ቫይረስ እያለ «የለም» የሚል ውጤት የሚመጣው ቅጠሉ ሲያረጅ ወይም ሲበሰብስ፣ የቅጠሉ ጭማቂ ምርመራውን ሲያውክ፣ ወይም ተክሉን ያጠቃው ሌላ ቫይረስ ሲሆን ነው፡፡ ምርመራው የሚመልሰው ስለተጠየቀው ቫይረስ ብቻ ነው፡፡
ሐ/ የናሙና ማነስም ያሳስታል፡፡ ከ100 ተክል 5ቱ በታመሙበት ማሳ በዘፈቀደ 20 ተክል ብቻ ቢወሰድ፣ ከ100 ጊዜ 36 ጊዜ ያህል አንድም በሽተኛ ተክል አይገኝም፡፡ 60 ተክል ቢወሰድ ግን ይህ ከ5 ጊዜ በታች ይወርዳል፡፡

መደረግ የሚገባው

1. ምልክት ካለባቸው ተክሎች ለጋ ቅጠል ይወሰድ፤ ከጤነኞቹም ለማነጻጸሪያ ይጨመር፡፡
2. ከተክል ወደ ተክል ሲታለፍ ምላጩና እጅ ይጽዳ፤ እያንዳንዱ ናሙና ለብቻው ይታሸግ፡፡
3. ቀን፣ ቀበሌ፣ የዘሩ ዓይነትና የታየው ምልክት ይጻፍ፡፡
4. ናሙናው በቀዝቃዛ ዕቃ ሳይዘገይ ይላክ፡፡
5. ውጤቱ በማሳው ላይ ከሚታየው ጋር ካልተስማማ፣ ተክሉ ከመነቀሉ በፊት አዲስ ናሙና ይላክ፡፡ እስከዚያው ከማሳው ችግኝ አይከፋፈል፤ ነጭ ዝንብም ይቆጣጠሩ፡፡

የላቦራቶሪ ወረቀት የማሳ ጉብኝትን አይተካም፡፡ የልማት ሠራተኛው ማሳውን አይቶ፣ ገበሬውን ጠይቆና ውጤቱን አመዛዝኖ ምክር እንዲሰጥ እናሳስባለን፡፡