ጓደኞችህን የማይረታ ጦር ፊት ከማቆምህ በፊት

ልጄ፣ ሶዶ ላይ ጓደኞችህን ሰብስበህ፣ የወላይታው ንጉሥ የካዎ ጦና ቃፊር ሆነው በዳይስ የሚጫወቱትን ታሪክ ልትመራ መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ችኩል ስለሆንክ ግን ይህችን ምክር ያዝልኝ።

1. አደጋውን ቀድመህ አሳይ። አፄ ምኒልክ ወላይታን የወጉበት የ1887 ዓ.ም. ጦርነት እንዴት እንዳለቀ ወላይታ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ዳይስ እጁ ሲገባ ግን ሁሉም «እኔ ብሆን ኖሮ» ይላል። ካዎ ጦና ከዚያ በፊት የመጡባቸውን ዘመቻዎች መልሰው ነበር። ያሸነፈ ሰው የነገውን ጦር በትናንቱ ይለካል፤ ተጫዋቾችህም ሦስት ውጊያ ካሸነፉ አራተኛውን አይፈሩም። ስለዚህ ልዩነቱን በዓይናቸው ይዩት። በዚህኛው ዘመቻ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዘምተዋል፣ የጅማው አባ ጅፋርም አብረው አሉ፣ ጠብመንጃው ከወላይታ ጦርና ጋሻ ጋር አይመጣጠንም። ይህን ከድንበር ከብቱን እየነዳ ከሚሸሽ ገበሬ አፍ ይስሙት፤ ጦሩ ገና ሩቅ ሳለ፣ መምከሪያ ጊዜ ሳለ።

2. በፍንጭ ብቻ አትመካ። አስፈሪ ወሬ ስትነግረው ተጫዋች ጀግንነቱ የሚፈለግበት ሰዓት የደረሰ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንተ ስታስጠነቅቅ እሱ ጋሻውን ያነሣል። ከታሪኩ ወጣ በልና በራስህ ድምፅ «ይህን ጦር በውጊያ አትረቱትም» በላቸው። ጨዋታው አይበላሽም።

3. መውጫ አዘጋጅ። ሽሹ ብለህ በሩን ሁሉ ከዘጋህ ማስጠንቀቂያህ ከንቱ ነው። አባ ጅፋር ለምኒልክ ቀድመው ስለገበሩ ዙፋናቸው ላይ ቆይተዋል፤ ስለዚህ መገበርም፣ ማስታረቅም፣ መልእክት ማድረስም፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ማሸሽም እንደ ውጊያው ሁሉ ዋጋ ይኑረው። ከሸሹ በኋላ ደግሞ እያሳደድክ አትፍጃቸው።

4. የቀረውን አክብር። ካዎ ጦናን እንደ ሞኝ አድርገህ እንዳታቀርብ፤ ተዋግተው፣ ቆስለው ነው የተማረኩት። ከጓደኞችህ አንዱም ሁሉን ሰምቶ፣ መውጫውን አይቶ «እኔ ከዚህ አልነቃነቅም» ሊል ይችላል። አትለምነው፣ አትሳቅበትም። ዳይሱን ሁሉም በሚያይበት ጣልለት፤ የወጣውንም ሳትለውጥ ንገረው።