የኮፈን ላይ ታኮሜትር እውነተኛነት በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነዋሪ ነኝ። ልገዛው ያሰብኩት የ1967 እ.ኤ.አ. ፖንቲያክ ጂቲኦ ኮፈኑ ላይ ታኮሜትር አለው። የፋብሪካው መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ፖንቲያክ ይህን የሞተር ዙር መቁጠሪያ ከነጂው ዐይን ፊት በኮፈን ላይ ማኖር የጀመረው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ቢውክም በ1970 በጂኤስ መኪኖቹ አብነቱን ስለ ተከተለ፣ የአንዱ ዕቃ በሌላው ላይ ተተክሎ እንዳይሆን አስቀድሞ መመርመር ይገባል። የቀዩ መስመር መነሻ እንደ ዓመቱና እንደ ሞተሩ ስለሚለያይ ሰሌዳውን ከዘመኑ የጥገና መጽሐፍ ጋር ያስተያዩ። ኮፈኑን ከፍተው ታኮሜትሩ የተተከለበትን ቀዳዳ ከሥር ይዩ፤ ጠርዙ የሻከረ እንደሆነ በኋላ በእጅ መከፈቱን ያመለክታል። ከሁሉ የላቀው ምስክር ግን ሰነድ ነው፤ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የተባለው ድርጅት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈለትን የዕቃ ዝርዝር ቅጂ በክፍያ ይሰጣልና፣ ያ ሳይደርስዎ ገንዘብዎን አይስጡ።