ዛፉ ሲጠማ መጋቢዎቹም ይዝላሉ፦ ድርቅና የደን አፈር ባክቴሪያዎች

በድርቅ የጠወለገ ዛፍ ለተመልካች የውኃ እጦት ብቻ ያጠቃው ይመስላል። ከሥሩ ዙሪያ ግን በዓይን የማይታይ ሌላ ችግር አለ፤ ምግቡን የሚያዘጋጁለት ባክቴሪያዎችም ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ።

ከእነዚህ ምግቦች ዋነኛው ናይትሮጅን ነው። ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ዛፍ በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። የረገፈ ቅጠል ሲበሰብስ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ወደ አሞኒየም፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ሥሮችም ሁለቱን ይመጣሉ። ናይትሬት የሚያስገኙትን ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ለይቶ ያወጣቸው በኪየቭ የተወለደው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1890 በዙሪክ ነበር።

ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአፈር ቅንጣቶች ላይ ባለው ስስ የውኃ ሽፋን ውስጥ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ይቆራረጣል፤ አሞኒየሙ በቅርብ ቢኖርም አይደርሳቸውም። ማዕድ ቀርቦ እጅ እንደ ማጠር ነው። ፈንገሶች ግን ክር መሰል አካላቸውን በደረቁ ክፍተቶች ላይ ስለሚዘረጉ ድርቅን በተሻለ ይቋቋማሉ።

ወደ ጄኔቫ ሐይቅ በሚፈሰው የሮን ወንዝ ሸለቆ፣ በቫሌ ክፍለ ግዛት፣ ፕፊንቫልድ የተባለ የጥድ ደን አለ። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዙሪክ አቅራቢያ የሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የደን፣ የበረዶና የመልክዓ ምድር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የደኑን አንዳንድ ክፍሎች በሞቃታማዎቹ ወራት ሌሊት ሌሊት በመስኖ ሲያጠጣ፣ ሌሎቹን እንደ ጥማታቸው ትቷቸዋል። ድርቅን ለማጥናት ውኃ ማጠጣት እንግዳ ቢመስልም፣ ደኑ አስቀድሞ የተጠማ በመሆኑ ዘዴው ብልህነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የአሥር ዓመቱ ውጤት እንደሚያሳየው፣ ውኃ ባገኙት ክፍሎች ዛፎቹ ይበልጥ አደጉ፤ የሚረግፈው ቅጠልና የሥሩ መጠንም ጨመረ። በአፈሩም ውስጥ በጥቂት ምግብ የሚኖሩት ተሕዋስያን ቦታቸውን በተትረፈረፈ ምግብ ፈጥነው ለሚራቡት ለቀቁ፤ ብስባሹም በፍጥነት መብላላት ጀመረ። ይህም ድርቅ ባክቴሪያውን የሚጎዳው በቀጥታ ብቻ ሳይሆን የዛፉን ስጦታ በመቀነስም ጭምር መሆኑን ያመለክታል።

የድርቁ ማብቂያም የራሱ አደጋ አለው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሞቱት ሕዋሳት ባንድ ጊዜ ስለሚበሰብሱ ብዙ ናይትሮጅን ይለቀቃል። ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል፤ ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ምድርን ያሞቃል። ክስተቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኬንያ አፈር ላይ ባጠናው ተመራማሪ ስም የበርች ውጤት ይባላል። ረጅም በጋና ድንገተኛ ክረምት ባለባት ኢትዮጵያም፣ ሥሮች ሳይዘረጉ የሚወርድ ከባድ ዝናብ ይህንኑ ናይትሬት አጥቦ ሊወስደው ይችላል።