የገና የእጅ ሥራ ከአረጋውያን ጋር፦ ማን ያስተምር?

እንደሚታወቀው ከአባሎቻችን መካከል ወላጆቻቸው፣ አክስቶቻቸው ወይም ያሳደጓቸው ዘመዶቻቸው በጅዳ የሚኖሩ አሉ። ትምህርት በታኅሣሥ አጋማሽ ሲቋረጥ ለዕረፍት ወደዚያው ይሄዳሉ። ይህን አጭር የጥናት ጽሑፍ ያዘጋጀነው በተለይ ለእነርሱ ነው፤ ሆኖም በሌላ አገር ገናን ከአረጋውያን ጋር ለሚያሳልፉም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ርእሱ ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም ከአረጋውያን ጋር ተቀምጦ ለገና የሚሆን የእጅ ሥራ መሥራት ነው። ከሥሩ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፦ በስደት አገር ያረጀ ሰው ለቤተሰቡ ምን ሆኖ ይኖራል? ተጧሪ ብቻ ወይስ አስተማሪም ጭምር?

፩. ሁኔታው

ሩዋይስ ከጅዳ አሮጌ ከተማ ከበለድ በስተሰሜን የሚገኝ፣ ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረ ሰፈር ነው። በጅዳ እንዲህ ያሉ የቆዩ ሰፈሮች የብዙ አገር ስደተኞች ተጎራብተው የኖሩባቸው ናቸው። በአንድ መተላለፊያ ውስጥ አንዷ ቡና ስታፈላ ሌላዋ ትጠራለች፤ አረጋውያንም ቀኑን የሚገፉት በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በከተማው በርካታ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ቤቱን ለቀቀ፤ ጎረቤትም ተበተነ።

በዚያ አገር የውጭ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማ፣ በመሠረቱ ከሥራና ከአሠሪ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ መሥራት ያቆመ አረጋዊ ብዙውን ጊዜ በልጁ ስም ይኖራል። ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነች፤ እናት ከቴሌቪዥን ጋር ትቀራለች። በአገር ቤት ሳሉ ሞሰብ የሰፉ፣ ጥጥ የፈተሉ፣ ለሠርግ ለድግስ የተጠሩ እጆች ሥራ ፈትተው ይውላሉ።

በዓሉም ቢሆን እንደ አገር ቤት አይደለም። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ የክርስትናን አምልኮ በአደባባይ መፈጸምም አይፈቀድም። ገና የሚከበረው በር ተዘግቶ፣ በቤት ውስጥ ነው። መካ ክርስቲያን የማይገባባት ከተማ በመሆኗም፣ እዚያ የሚኖሩ ሙስሊም ዘመዶች ቢኖሩ መገናኛው ጅዳ ይሆናል። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ሲሆን፣ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ነው። ቀኑ የሥራ ቀን ሊሆን ስለሚችል ለሥራው የሚመቸው ከበዓሉ በፊት ያለው ዓርብ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓርብ ይበቃል።

፪. ዋናው ቁም ነገር

በምዕራብ አገር የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በገና ሰሞን የወረቀት ኮከብ ይቆረጣል፣ ከጥጥ የበረዶ ሰው ይሠራል። በልጅነቱ ይህን ለሠራ ሰው መልካም ነው፤ ትዝታውን ይቀሰቅሳል። ይህንኑ ቀድተን ጎጃም ወይም ወሎ ላደጉ እናት ብናቀርብ ግን እንደ ሕፃን ቆጠርናቸው ማለት ነው። መቀስ ይዘን እኛ እናስተምራለን፣ እርሳቸው ይማራሉ፤ እንደ ገና ተረጂ ሆኑ።

በመሆኑም የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሥራው አረጋዊው የሚያውቁት፣ እኛ የማናውቀው ይሁን። የእኛ ድርሻ ዕቃ ማሰናዳትና ዓይንና ጉልበት የሚጠይቀውን መሥራት ነው፤ የእርሳቸው ድርሻ ማሳየትና ማረም ነው። «እማማ፣ ይሥሩልን» ሳይሆን «እማማ፣ መነሻው እንዴት ነው? ያሳዩን» እንበል። ከተበላሸም «ፍቱት» የማለት ሥልጣን የእርሳቸው ነው።

፫. ሦስት ቀላል ሥራዎች

ሀ. ትንሽ ስፌት። አክርማና ስንደዶ በጅዳ ባይገኝም የቴምር ዘንባባ ሞልቷል። ከመንገድ ዳር መቁረጥ አይገባም፤ ምንጣፍና ቅርጫት ከሚሠሩ ሰዎች መግዛት ይቻላል። ቅጠሉ አንድ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ይቆይና በእርጥብ ፎጣ ይጠቅለል። የቅርንጫፉ ሥር እሾሃም ስለሆነ እርሱን አስቀድመን እናስወግድ። ቀጫጭኑ ቅጠል በእርሳስ ውፍረት ይታሰርና በላዩ በአለላ ምትክ ባለ ቀለም የሱፍ ክር ይጠመጠማል፤ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ጋር በወፍራም መርፌ ይያያዛል። 7 ወይም 8 ዙር ሲሞላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የስኒ ማስቀመጫ ይሆናል። ጣታቸው ለሚያማቸው በቅጠሉ ፋንታ እንደ ትንሿ ጣት የወፈረ የጥጥ ገመድ ይሻላል፤ 5 ዙር ይበቃዋል። ለሆሳዕና የዘንባባ ቀለበትና መስቀል ጎንጉነው የሚያውቁ ካሉ በተረፈው ቅጠል ያሳዩን።

ስፌት የአንድ ሃይማኖት ንብረት አይደለም። የሐረር ቤቶች ግድግዳ በስፌት ያጌጠ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሙስሊም ጎረቤት እናቶችም ለቡናውና ለሥራው ይጠሩ። እነርሱ የሚመጡት ለበዓሉ ሳይሆን ለእጅ ሥራው ነው፤ ያ ደግሞ የተበተነውን ጉርብትና ይመልሳል።

ለ. የገና ኳስ። ይህ ይበልጥ ለአባቶች ነው። አሮጌ ካልሲና 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የጨርቅ ቁራጮች ይዘጋጁ። ካልሲው ተጠቅልሎ በቁራጮቹ እየተጠመጠመ ብርቱካን ሲያክል ዳሩ ይሰፋል። እንደ አገር ቤቷ ጠንካራ አይደለችም፤ ለቤት ግን የምትሆነው ለስላሳዋ ናት። በዱላ ፋንታ ሁለት የእንጨት ማማሰያ ተይዞ በጠረጴዛ ላይ፣ ተቀምጦ መጫወት ይቻላል። ኳሷ ስትጠመጠም አባባን እንጠይቃቸው፦ የገና ዱላ ከምን እንጨት ይቆረጥ ነበር? ጫፉስ እንዴት ይቆለመም ነበር? ማን ከማን ጋር ይገጥም ነበር? በጨዋታው ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋጠሙ እንደነበር ከመጽሐፍ አንብበን ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ምናልባት በዓይናቸው አይተዋል።

ሐ. የተጠለፈ ካርድ። ወፍራም ወረቀት ለሁለት ይታጠፍ። በፊቱ ላይ የነጠላ ጥለት የሚመስል መስመር አስምረን በየ1 ሳንቲ ሜትሩ በወስፌ እንብሳ። እናት ቀለሙን ይመርጣሉ፣ በቀዳዳው ክሩን ያመላልሳሉ። ሲያልቅ በውስጡ ለአገር ቤት ዘመድ የሚሉትን እኛ እንጽፋለን። እዚህ ላይ አደራ የምንለው፣ ቃሉን እንዳለ እንጻፍ እንጂ አናሳምረው። «ጉልበቴን ያመኛል፣ ላሚቱ ወለደች ወይ?» ካሉ እንደዚያው ይጻፍ። ካርዱ በሚሄድ ሰው እጅ ይላክ።

፬. ጥንቃቄ

መርፌዎቹን ሁሉ አስቀድመን ክር እናግባባቸው። ብርሃን ከጎን ይሁን፤ በነጭ ክር ሲሠራ ጭን ላይ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፍ። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጣታቸው ሊደነዝዝና መርፌ ሲወጋቸው ላይሰማቸው ስለሚችል ጫፉ ደነዝ የሆነ መርፌ እንጠቀም። ግማሽ ሰዓት ተሠርቶ ይታረፍ፤ ቡናና ፈንዲሻ ይቅረብ። ጊዜው የገና ጾም ስለሆነ ምግቡ የጾም ይሁን። የመርሳት ሕመም የያዛቸው ቢኖሩ አንተዋቸው፤ ስም የረሳ ሰው የእጁን ሥራ ሊያስታውስ ይችላል። በመጨረሻም ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፋቸውን ማሠራጨት ነውር ነው፤ በዚያ አገር ሁኔታ ደግሞ ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል።

፭. ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ያፈሩትን ዕቃ ትተው ነው። በስደት ኑሮ ዕቃ ይቀራል፤ እጅ የተማረው ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ሞሰቡ ሻንጣ ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ አሰፋፉን የተማረች ልጅ ግን በደረሰችበት ትሰፋዋለች። አስተማሪዎቻችን ደግሞ ዘወትር አይኖሩልንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በየቤታችን ያሉ አረጋውያን ምን ዓይነት የእጅ ሥራ ያውቃሉ? ጠይቀናቸው እናውቃለን?
2. ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ዛሬ በቤተሰባችን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው የትኛው ነው?
3. በምንኖርበት ከተማ ለዚያ ሥራ ምትክ የሚሆን ምን ዕቃ ይገኛል?