የማይጨነግፈው ሙክት ስለ ጭንገፋ በሽታ ለምን ይመረመራል?

ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ዳመርጆግ በሚገኘው ክልላዊ የእንስሳት ማቆያ አልፎ ወደ ሳዑዲ የሚሻገረው በግና ፍየል በአብዛኛው ወንድ ነው። ወንድ ደግሞ አይጨነግፍም። ነጋዴው «የእኔን ሙክት ከጭንገፋ በሽታ ጋር ምን አገናኘው?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ያለው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሚባለው በሽታ ጠባይ ላይ ነው።

ቫይረሱን ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚያጓጉዙት ትንኞች ናቸው። ስለዚህም ከባድ ዝናብና ጎርፍ ተከትሎ ይነሳል። በበሽታው የተያዘች እርጉዝ በግ ሳትጨነግፍ የምትቀረው ከስንት አንዴ ነው፤ ሳምንት ያልሞላው ግልገልም አብዛኛው ይሞታል። ጎልማሳው ወንድ ግን ጥቂት ቀን አተኩሶት ሊያልፍለት ይችላል። ግመልም ከመጨንገፏ በቀር ሌላ ምልክት ላታሳይ ትችላለች። ዓይን የማይለየውን የሚለየው እንግዲህ ደም ነው።

የዚህ ምርመራ ነገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 እና 98 በሽታው ኬንያንና ሶማሊያን ሲመታ ሳዑዲ ገበያዋን ዘጋች። በ2000 ደግሞ ሳዑዲና የመን ውስጥ ተገኘ፤ ከአፍሪካ ምድር ውጪ ወረርሽኙ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚጫነውን እንስሳ አገዱ፤ መንጋው ጤነኛ የነበረውም አብሮ ከሰረ። የዳመርጆግ ማቆያ በ2006 ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ ገና ትኩስ ነበር።

ነጋዴውን የሚያጋጨው ብዙውን ጊዜ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ትርጉሙ ሦስት ዓይነት ነው። ፒሲአር ቫይረሱን ራሱን ይፈልጋል፤ ቫይረሱ ግን በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ኤሊሳ የሚፈልገው ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። አይጂኤም የተባለው ከተገኘ እንስሳው የተያዘው በቅርቡ ነው፤ ማቆያውን የሚያስጨንቀውም ይህ ነው። አይጂጂ ብቻ ከሆነ የድሮ ሕመም ወይም ክትባት ሊሆን ይችላል፤ የተለመደው ምርመራ ሁለቱን አይለያቸውም። በሕያው ክትባት የተከተበ እንስሳም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይጂኤም ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የክትባቱ ዓይነትና ቀን በሰነዱ ላይ ካልሰፈረ፣ ባለሙያው ቢፈልግ እንኳ ለነጋዴው ሊከራከርለት አይችልም። (ሕያው ክትባት እርጉዟን ሊያስጨነግፍ እንደሚችልም ሻጩን ማስታወስ ነው።)

ከዚሁ ጋር የሚምታታው ብሩሴሎሲስ ነው። እሱ ቫይረስ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈተነውም ሮዝ ቤንጋል በተባለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት በሚሰጥ ምርመራ ነው። በመንጋ ውስጥም አመጣጣቸው ይለያያል። ብሩሴሎሲስ አዘውትሮ የሚያስጨነግፈው በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ነው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ግን የእርግዝናን ወር አይመርጥም፤ ከዝናብ በኋላ በአንድ ሰሞን ብዙዎቹን ያስጥላቸዋል።

ስለዚህ ሙክቱ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ስለ እናቶቹ ነው፦ ከመጨረሻው ከባድ ዝናብ ወዲህ በሰፈሩ በጎች ጨንግፈዋል? ግልገል አልቋል? መልሱ «አዎ» ከሆነ መግዛቱን ትቶ ለአካባቢው የእንስሳት ሐኪም መንገር ይሻላል። የተጣለውን ጽንስ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ሁለቱም በሽታዎች በዚህ መንገድ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ከጽንሱ ጉበት፣ ጣፊያና አንጎል ናሙና የሚወስደው ጓንት ያጠለቀው ሐኪም ነው፤ ናሙናውም ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው በበረዶ ታሽጎ ነው።