ለናቭራትሪ ሲጋበዙ፦ ከቀኑ እስከ ስንብቱ

በህንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወይም በዱባይና በአቡ ዳቢ ከህንዶች ጋር የሚሠራ ኢትዮጵያዊ፣ መስከረም ገባ ሲል «ለናቭራትሪ ቤት ብቅ በል» የሚል የሂንዱዎች በዓል ግብዣ ሊደርሰው ይችላል። ግብዣው ደስ ይላል፤ ግን ምን ይዞ፣ ምን ለብሶ፣ በስንት ሰዓት ይሄዳል? አንዱን ህንዳዊ ጠይቆ በሰማው ተማምኖ ሌላው ቤት ቢሄድ ደግሞ ጭራሽ ሌላ በዓል ይጠብቀዋል። አንዱ ጋ ሥጋ ቀርቶ ሽንኩርት እንኳ ማዕድ ቤት አይገባም፤ ሌላው ጋ የፍየል ወጥ ይቀርባል። አንዱ ሌሊቱን ሲጨፍር ያድራል፤ ሌላው አሻንጉሊት ደርድሮ ጎረቤት ይጠራል። ስለዚህ ግብዣው እንደደረሰዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጋባዥዎ ከየትኛው የህንድ ግዛት እንደመጣ ነው። ቀሪው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

1. ቀኑን በየዓመቱ ይጠይቁ

በዓሉ የሚውለው በሂንዱዎች የጨረቃ አቆጣጠር አሽዊን በተባለው ወር ነው። ጨረቃ ጠፍታ ስትመለስ ይጀምርና ዘጠኝ ሌሊት ይዘልቃል፤ አሥረኛው ቀን ቪጃያዳሻሚ ወይም ዳሸራ ይባላል። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 10 ገደማ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። በ2017 ዓ.ም. ዳሸራ የዋለው ጥቅምት 2 ቀን ሲሆን፣ በ2018 ዓ.ም. ወደ መስከረም 22 ተስቧል። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በዓሉ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በሦስት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ጭማሪ ወር ስለሚገባ ግን ከወቅቱ አይወጣም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የጨረቃ ቀን በእኩለ ቀንም በእኩለ ሌሊትም ሊጀምር ይችላል። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ዓመት ኮልካታና ዴሊ አሥረኛውን ቀን በአንድ ቀን ልዩነት ያከብራሉ። ከስልክ የቀን መቁጠሪያ ይልቅ ጋባዥዎን ይመኑ።

2. የትኛው ታሪክ እንደሚከበር ይለዩ

ከበዓሉ ጀርባ ሁለት ታላላቅ ታሪኮች አሉ። በመጀመሪያው፣ ማሂሻሱራ የተባለ የጎሽ መልክ ያለው ጋኔን ወንድ እንዳይገድለው ቃል ተገብቶለት ነበርና አማልክቱን ከሰማይ አባረረ። አማልክቱም ኃይላቸውን አዋጥተው አምላኳን ዱርጋን አስነሡ፤ ሺቫ ባለሦስት ጣት ጦሩን፣ ቪሽኑ የሚሽከረከር ዲስኩን ሰጧት። በአንበሳ ተቀምጣ ተዋጋችው፣ ገደለችውም። ይህን የሚተርከው ዴቪ ማሃትሚያ 700 ስንኞች ያሉት መጽሐፍ ሲሆን በእነዚህ ሌሊቶች በየቤቱ ይነበባል።

በሁለተኛው ታሪክ፣ ልዑል ራም ሚስቱን ሲታን የጠለፈውን ባለ አሥር ራሱን የላንካ ንጉሥ ራቫናን ድል ያደርጋል። የሰሜን ህንድ ሜዳማ አገር ሰው ዳሸራን በዋናነት የራም ድል አድርጎ ያከብራል። በቤንጋል፣ በጉጃራትና በአብዛኛው ደቡብ ግን በዓሉ የአምላኳ ነው። ጋባዥዎ ቤንጋሊ ከሆነ ስለ ራቫና መቃጠል መጠየቅ ወሬውን አያደምቀውም፤ ስለ ዱርጋ ቢጠይቁት ግን ሌሊቱን ያወራልዎታል።

3. ምግብ ይዘው ከመሄድዎ በፊት የጾሙን ሕግ ይወቁ

የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰሜንና በምዕራብ ህንድ ብዙዎች ዘጠኙን ቀን ይጾማሉ፤ አንዳንዱ የመጀመሪያውንና ስምንተኛውን ብቻ ይይዛል። ጾም ነው ሲባሉ «እንግዲያው ሽሮ ልያዝ» ብለው እንዳይነሡ። ስንዴ፣ ሩዝ፣ ጥራጥሬ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ሥጋ ሁሉ ክልክል ናቸው። ሽሮው በሽንብራውም በሽንኩርቱም ይወድቃል፤ እንጀራውም እህል ነው። እኛ የምንጾመው ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን እዚያ ይፈቀዳል። ኬክም እንቁላልና ዱቄት ስላለበት አይሆንም።

የሚበሉት ድንች፣ ፍራፍሬ፣ ኩቱ ከሚባለው ዱቄት የተጋገረ ቂጣ፣ እንዲሁም ሳቡዳና ነው፤ ይህም ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ ነጭ ፍሬ ሲሆን ከድንችና ከለውዝ ጋር ይጠበሳል። ጨው እንኳ ይለወጣል፦ የተለመደው ቀርቶ ከተራራ የሚቆፈር አለት ጨው ይገባል። እርስዎ ሙዝ፣ ሮማን፣ ፖም ወይም ቢጫ አበባ ይዘው ቢሄዱ ማንም ቅር አይለውም።

ጋባዥዎ ቤንጋሊ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይርሱት። ቤንጋል በእነዚህ ቀናት ዓሣም ሥጋም ይበላል፤ ጣፋጭ ይዞ መሄድ ይበቃል።

4. ስለ ፕራሳድ አስቀድመው ይወስኑ

ለአምላካቸው ቀርቦ ከተጸለየበት በኋላ ለሁሉ የሚታደለው ምግብ ፕራሳድ ይባላል። ሃይማኖትዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነ ሁለት መዳፍዎን ደረትዎ ላይ ገጥመው፣ በጥቂቱ ዝቅ ብለው «ይቅርታ፣ በእኛ ሃይማኖት አልተፈቀደልኝም» ማለት ነውር የለውም። ከተቀበሉ ግን በቀኝ እጅ ይቀበሉ፤ ቀምሰው መጣል ነው የሚያስቀይመው። የመብራት ሳህን ሲዞር ሰዎቹ እጃቸውን ከነበልባሉ በላይ አሳልፈው ግንባራቸውን ይነካሉ፤ እርስዎ በአክብሮት ቆመው ማሳለፍ ይችላሉ። ጫማ ከበር ላይ ይወልቃል።

5. ጉጃራት፦ ወደ ጭፈራው ክብ ይግቡ

በአህመዳባድና በቫዶዳራ በዓሉ ማለት ጋርባ ነው። ከክቡ መሐል ዙሪያው የተበሳሳ የሸክላ ማሰሮ ይቀመጣል፤ ውስጡ መብራት ይነድዳል። ማሰሮው ማህፀን፣ መብራቱ ሕይወት ነው ይላሉ። ዩኔስኮ ጋርባን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ሴቶች መስታወት የተሰፋበት ሰፊ ጉርድና አጭር ሸሚዝ፣ ወንዶች ከወገብ በታች የሚዘረጋ ነጭ እጀ ጠባብ ይለብሳሉ። እርስዎ ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ ቢለብሱ ይበቃል። ጭፈራው የሚጀምረው በአብዛኛው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነውና እራትዎን አስቀድመው ይብሉ።

ክቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ይዞራል። ከውጭኛው መስመር ይግቡና ከፊትዎ ያለችውን ሴት እግር ሳይሆን እጇን ይዩ፦ ጎንበስ ብሎ ማጨብጨብ፣ ቀና ብሎ ማጨብጨብ፣ ዞር ማለት። ጭብጨባው ከገባዎ እግርዎ ራሱ ይከተላል። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ስለሚሄድ፣ ሲያቅትዎ ወደ ውጭ ይውጡ እንጂ መሐል ላይ አይቁሙ፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ይጋጭብዎታል። ዳንዲያ በሚባለው የዱላ ጭፈራ ደግሞ የራስዎን ጥንድ ዱላ ይዘው ይሄዳሉ። ጉጃራት ውስጥ መጠጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም አይርሱ።

6. ቤንጋል፦ አምስቱን ቀን በሰዓት ይከፋፍሉ

ለቤንጋሊ ዱርጋ አምላክ ብቻ አይደለችም፤ ከባሏ ቤት ለጥቂት ቀን ወላጆቿን ልትጠይቅ የመጣች ልጅም ናት። አራቱን ልጆቿን፣ ላክሽሚን፣ ሳራስዋቲን፣ ጋኔሽንና ካርቲክን አስከትላ ትመጣለች። የቤንጋል ከተማ በሆነችው በኮልካታ የሚከበረውን በዓል በዚህ ዓይን ካዩት ደስታውም ለቅሶውም ይገባዎታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 መዝግቦታል።

በዓሉ ሊገባ ሲል ኩማርቱሊ ወደተባለው የሐውልት ሠሪዎች ሰፈር ይሂዱ። በጠባብ መንገዶቹ ግራና ቀኝ ቀርከሃና ገለባ ታስሮ፣ የወንዝ ጭቃ ተለስኖ፣ አሥር እጅ ያላት አምላክ ስትቆም ያያሉ። በልማዱ ዓይኗ የሚሳለው የናቭራትሪ ዋዜማ በሆነው በማሃላያ ቀን ነው። የዚያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ፣ ከእ.ኤ.አ. 1931 ጀምሮ በህንድ ሬዲዮ የሚተላለፈውን የዱርጋን ታሪክ ለመስማት ብዙ ቤተሰብ ይነሣል።

ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ከተማው በየሰፈሩ በተተከሉ ግዙፍ ድንኳኖች ይሞላል። ሰባተኛው ቀን ንጋት ላይ የሙዝ ተክል ወንዝ ወርዶ ይታጠብና ዳር ዳሩ ቀይ የሆነ ሳሪ ይለብሳል። በስምንተኛው ጠዋት ሰዉ ሳይበላ አበባ ይዞ ይሰለፋል። በስምንተኛውና በዘጠነኛው መገናኛ ላይ ያሉት 48 ደቂቃዎች ከሁሉ ይከብራሉ፤ 108 መብራት ይበራል፣ 108 የውሃ አበባ ይቀርባል። ድንኳኖቹን ለመጎብኘት ሌሊቱ ይመረጣል፤ በሜትሮ ይሂዱ፣ ምቹ ጫማ ያድርጉ።

በአሥረኛው ቀን ባለትዳር ሴቶች የአምላኳን ግንባርና እርስ በርሳቸው ፊታቸውን ቀይ ዱቄት ይቀባባሉ፤ ከዚያ ሐውልቱ ወደ ሁግሊ ወንዝ ይገባል። ታናሽ የታላቁን እግር ነክቶ «ሹብሆ ቢጆያ» የሚልበት ጊዜም ያኔ ነው።

7. ደቡብ፦ አሻንጉሊቱን፣ መጽሐፉንና መኪናውን ያክብሩ

ታሚል ቤት ከተጋበዙ ሳሎኑ ውስጥ ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆነ ደረጃዎች፣ 3፣ 5፣ 7 ወይም 9፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው በአሻንጉሊት ተሞልተው ያያሉ፤ ጎሉ ይሉታል። የአማልክት ብቻ ሳይሆን የሠርግ፣ የገበያና የክሪኬት ጨዋታም አሻንጉሊት ይኖራል። አይንኩ፤ ይጠይቁ እንጂ። የእያንዳንዱን ታሪክ ማስረዳት ለባለቤቷ ኩራቷ ነው። ከኮኮናትና ከሰናፍጭ ፍሬ ጋር የበሰለ ሽንብራ ይቀርብልዎታል።

በዘጠነኛው ቀን መሣሪያና መጽሐፍ ያርፋሉ። ተማሪ ደብተሩን፣ መካኒክ መፍቻውን ያስቀምጣል፤ አውቶቡስና ባለሦስት እግር ታክሲ አበባ ይታሰርላቸዋል፣ ከጎማቸው ሥር ሎሚ ይጨፈለቃል። ስለዚህ በዚያ ቀን ላፕቶፕ ማስጠገን ቢያስቡ ሌላ ቀን ይምረጡ። በማግስቱ በኬረላ ትንንሽ ልጆች ጣታቸውን ተይዘው በሩዝ ላይ የመጀመሪያ ፊደላቸውን ይጽፋሉ።

በቴላንጋና ሴቶች አበባ በሳህን ላይ እንደ ግንብ ደርድረው ይዘፍኑና ውሃ ላይ ይለቁታል፤ ባቱካማ ይባላል። በማይሱሩ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ወደ 100,000 በሚጠጉ አምፖሎች ይበራል፤ በአሥረኛው ቀን ዝሆን 750 ኪሎ የሚመዝነውን የወርቅ ዙፋን ተሸክሞ የአምላኳን ምስል ያዞራል።

8. የራቫና ቃጠሎ ላይ ቦታዎን ይምረጡ

በዴሊና በሰሜን ከተሞች በአሥረኛው ቀን ማታ የራቫና፣ የወንድሙ ኩምባካርናና የልጁ ሜግናድ ግዙፍ ምስሎች ይቃጠላሉ። ሆዳቸው ርችት ነው። ፀሐይ ሳትገባ ይድረሱ፣ ጭሱ ከሚነፍስበት አቅጣጫ ይራቁ፣ መውጫውን አስቀድመው ይዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአምሪትሳር ቃጠሎውን ለማየት የባቡር ሐዲድ ላይ በቆመው ሕዝብ መሐል ባቡር ገብቶ ወደ 60 ሰዎች ሞተዋል። ሕዝቡ የቆመበት ቦታ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም።

9. ካመለጠዎ

በሂማላያ ግርጌ ባለው የኩሉ ሸለቆ ዳሸራ የሚጀምረው ሌላው አገር በሚጨርስበት ቀን ነው፤ የየመንደሩ አማልክት በሸክም ወደ ከተማው ሜዳ ወርደው ሰባት ቀን ይቆያሉ። ያም ካልተመቸዎ ዳሸራ ካለፈ ከ20 ቀን ገደማ በኋላ ዲዋሊ ይመጣል። ለእሱም ሲጋበዙ ግዛቱን ይጠይቁ፦ በብዙው ህንድ በዚያ ሌሊት የምትመለከው የሀብት አምላኳ ላክሽሚ ስትሆን፣ በቤንጋል ግን ካሊ ናት።